«ማዘር፣ ፍሪሲዮን!»

አሁን ገና ቤት ገባሁ። ጫማዬንም አላወለቅኩ። ግራ እግሬ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል። የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ሐሙስ ነው፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ሽሮ ሜዳ ላይ አገር ቆሞ አይቶኛል።

ያው የማወራላችሁ መንዳት የሚያስተምረኝ ልጅ ነው። «ማዘር» የሚለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው እኮ! እሱ ራሱ ሠላሳ አያንሰውም፤ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል። በምን ሒሳብ ነው የወለድኩት? መጀመሪያ ቀን «እህቴ» ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን መለማመጃ ግቢው ውስጥ የተተከለውን ብረት ገጭቼ ሳጣምም ነው ማዘር የሆንኩት።

እሺ፣ የዛሬውን ስሙ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ እየወጣን ነው። መኪናዋ ያቺ በዕድሜ የምትበልጠኝ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት ጉልበት አይበቃም፣ ስለት ያስፈልጋል። ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለ። ፍሬቻ የለ፣ ምን የለ። እኔም ቆምኩ። በቃ፣ አለቀልኝ። ፍሪሲዮኑን፣ ያን የግራ እግር ፔዳል፣ ስለቅ ሞተሩ ጠፋ። አስነሳሁ። ጠፋ። አስነሳሁ። ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ክላክሱ ላይ ተኛበት። አሰልጣኝ ተብዬው ምን እያደረገ ነው? ስልክ እያወራ ነዋ! በአንድ እግሩ የራሱን ፍሬን ረግጦ፣ «ቆይ አንዴ፣ ይቺ ሴትዮ ልትገድለኝ ነው» ይላል። ሴትዮ!

ነጠላ ሊገዙ የመጡ እናቶች ከሱቅ ወጥተው ቆሙ። አንደኛዋ አማተቡ። የታክሲው ረዳት ወርዶ መጣና አንገቱን በመስኮቴ አስገባ። «እናት፣ ልግፋልሽ ወይስ ልንዳልሽ?» ታክሲው ሙሉ ሰው ሳቀ። ይኼኔ ልጁ ስልኩን ዘጋ። ያው ገንዘቤን ቆጥሮ ተቀብሏል፣ አንድ ነገር ይልልኛል ብዬ ዞርኩ።

«ማዘር፣ ባለቤትሽ አይነዳም እንዴ?»

«ባለቤት የለኝም።»

«እሱን ነበራ መጀመሪያ መፈለግ!»

ከረዳቱ ጋር እጅ ተማቱ። በአፍንጫዬ ሥር! በእኔ መሪ ላይ ተሻግረው!

እኔ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ምን የሚሉት እሺ ነው? መልሱ የመጣልኝ አሁን ደረጃ ስወጣ ነው። «አንተስ የራስህ ስለሌለህ አይደል የሰው ዲኤክስ ውስጥ የምትውለው?» ማለት ነበረብኝ። ሳስበው እሱም ያን ያህል አይደለም። የተሻለ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።

ደግሞ እኮ መንዳት አላስተማረኝም። ያስተማረኝ ብረት መቁጠር ነው። የኋላ ፓርኪንግ እንዴት ነው? «ሁለተኛው ብረት የኋላ መስኮቱ ጥግ ላይ ሲመጣልሽ መሪውን ሙሉ ወደ ቀኝ። የመጨረሻው ብረት በግራ ስፖኪዮ ሲታይሽ መልሺ። ቁሚ።» ለምን? ጎማው ወዴት እየሄደ ነው? «አትጠይቂ ማዘር፣ ብረቱን እዪ።» አሁን ግቢ ውስጥ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ። ከተማ ውስጥ ግን ማን ነው ብረት የሚተክልልኝ? ቦሌ ሄጄ በሁለት መኪና መሃል ልቆም ስል «ይቅርታ ጋሼ፣ እንደ ብረት እዚህች ጋ ይቁሙልኝ» ልበል?

ሰዓቱስ? የከፈልኩት ለአንድ ሰዓት ነው። ሩቡን ይዘገያል፣ ሩቡን ቡና ይጠጣል። ባለፈው ሳምንት «ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ» ብሎ ሁለት ቀን ቀረ። ቅዳሜ ደግሞ «ዛሬ ከተማ ነው የምንለማመደው» አለኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ! ለካ የኋላ ወንበር ላይ የእናቱ ጤፍ አለ። በገንዘቤ ወፍጮ ቤት አደረስኩለት። ጆንያውን በአንድ በኩል ያዢ ሲለኝም ያዝኩ። «ጭነት ይዞ መንዳትም ትምህርት ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር በደንብ የነዳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጤፉ እንዳይደፋ ብዬ።

ቲዎሪውን አልፌያለሁ፣ እሱን ተዉት። ባለ አራት ምት ሞተር፦ መምጠጥ፣ ማመቅ፣ ጉልበት፣ ማስወጣት። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነው የያዝኩት። የካርቡሬተርን ሥራ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ጠይቁኝ። ለማን ነው ይኼ ሁሉ? በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ የተከለከለው በ2016 ነው። የአክስቴ ልጅ የገዛው በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ነው። ካርቡሬተር የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ የሚቀየር ማርሽ የለው። ረገጥ ማድረግ ነው፣ እንደ ሊፍት ይዞህ ይሄዳል። እኔ ከዲኤክስ ጋር እታገላለሁ። ደግሞ መጽሐፉ «አደባባይ ውስጥ ቀድሞ ለገባ ቅድሚያ ይሰጣል» ይላል። ማታ በሥራ መውጫ ሰዓት ስጡ እስቲ! እስከ ፋሲካ ስትሰጡ ትከርማላችሁ።

ይኼን ጣጣ ያመጣብኝ ታክሲ ነው። ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ዝናብ ከደበደበኝ በኋላ፣ ልክ ተራዬ ሲደርስ «ሞልቷል» ተባልኩ። ያን ቀን ነው መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ ብዬ የማልኩት። መኪናው ከየት እንደሚመጣ አልማልኩም። አሁን ግን ሰልፉ ናፈቀኝ። ሰልፍ ላይ ቢያንስ ሞተር አይጠፋም።

ልንለያይ ስንል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሐሙስ የሚያመቻች ልጅ አለ፣ ሻይ ብትዪው…» አለኝ። ደሜ ፈላ። ከዚያ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። አዎ፣ ጠየቅኩ! እናንተም ትጠይቁ ነበር። ሲነግረኝ እንደገና ደሜ ፈላ።

አልከፍልም። ብሩ ስለበዛ ብቻ አይደለም። ከከፈልኩ አልፋለሁ፣ ካለፍኩ ደግሞ እውነት መንገድ ልወጣ ነው። እኔ! ዛሬ ወደ ኋላ ስንሸራተት በስፖኪዮ ያየሁት ረዳቱን አይደለም። ዩኒፎርም የለበሰች፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ ልጅ ልትሻገር ቆማ ነበር። ስትስቅ እንኳ አልነበረም። ዝም ብላ መኪናዋን ታያለች፣ ትመጣለች ወይስ ትቆማለች ብላ። እሷን ማንም አላስተዋላትም።

ቆይ፣ እየደወለ ነው።

ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነይ ይላል። ዳገቱን እንደግመዋለን። መጀመሪያ ግን ወፍጮ ቤት ብቅ እንላለን፣ ጤፉ ተፈጭቷል።