ሰኞ መራብ የቅዳሜ ካሣ አይሆንም

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ላይ ከፒያሳ ወደ አቶቴ በባጃጅ ስሄድ፣ ሬዲዮው ላይ አንድ የጂም አሠልጣኝ ስለ ቦርጭ ይመክር ነበር። «ቅዳሜና እሑድ ከልክ በላይ የሚበላ ሰው ዲሲፕሊን የለውም። እምቢ ማለት ይልመድ። ካጠፋም ሰኞ ምንም ሳይቀምስ ይዋልና ያካክሰው» አለ። ባለባጃጁ «እውነቱን ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ወርጄ በእግሬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

ሞክሬው ስለማውቅ ነው የተናደድኩት። ስምንት ሳምንት ሙሉ የበላሁትን በደብተር ስጽፍ ከርሜያለሁ፤ ግራው ገጽ ላይ ምግቡ፣ ቀኙ ላይ የጠዋት ኪሎዬ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ልክ እሱ እንዳለው ሰኞ ሰኞ ጦሜን ዋልኩ። የአንዱ ሰኞ ገጽ እንዲህ ይላል፦ ቁርስ የለም፣ ምሳ የለም፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት... ቀሪው በወጥ ርሶ አይነበብም። ድስቱ ሥር ቆሜ ነበር የበላሁት።

ደግሞስ የሚካካሰው ምኑ ነው? በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት 84.2 ኪሎ ነበርኩ፤ ሰኞ ጠዋት 85.9። አሠልጣኙ ቢያይ «ይኸው!» ይል ነበር። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ያ ጭማሪ ሁሉ ስብ ቢሆን ኖሮ ሰውነቴ ከሚፈልገው በላይ 13,000 ካሎሪ በልቻለሁ ማለት ነው። ለዚህማ የሐዋሳውን ዓሣ ገበያ አሞራ ገደልን ከነጀልባው መዋጥ ነበረብኝ። አብዛኛው ውሃ ነው። ጨው ውሃ ይይዛል። ከእንጀራና ከዳቦ የሚጠራቀመው ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ክምችትም በአንድ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ሰኞና ማክሰኞ እንደ ወትሮዬ በልቼ ረቡዕ ጠዋት 84.4 ተመለስኩ። ሰኞ የምንራበው እንግዲህ ውሃ ለመቅጣት ነው።

«እምቢ ማለት ይልመድ» ወዳለው ልምጣ። ይህ ሰው ቅዳሜ ምሳውን የት ነው የሚበላው? ለብቻው በሳህን? እኛ አሞራ ገደል አራት ሆነን አንድ ትሪ እንከባለን። ቆሮሶው ጎኑ ተሰነጣጥቆ፣ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ፣ ከነጭራው ይመጣል። ዳጣው መሀል ላይ። አንዱ ከጀርባው ይመዛል፣ አንዱ ጭንቅላቱን ይፈልጋል። የኔ እጅ የት የት እንደደረሰ በምን ልወቅ? ደብተሬ ላይ «ዓሣ፣ ሩብ?» ይላል፤ ከነጥያቄ ምልክቱ። እሑድ ደግሞ አክስቴ ቤት ነኝ። «በሞቴ!» ስትል ጉርሻው አፌ ጋ ደርሷል። ውጬ ሳልጨርስ «አንድማ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ትጠቀልላለች። ቅቤው በጣቶቿ መሀል ሲወርድ አያለሁ። የጉርሻን ካሎሪ የሚነግረኝ ሰንጠረዥ አላገኘሁም፤ ባገኝም እሷ ፊት አልገልጠውም። አሠልጣኙ እዚያ ቁጭ ብሎ እምቢ ይበልና እስቲ ልየው። ዲሲፕሊን ካሉ አይቀር የአክስቴ ነው፤ አንድም እንግዳ ሳይጎርስ አምልጧት አያውቅም።

ለነገሩ እኛ ጋ ምግብ የሚቆጠረው በሳምንት ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ቅዳሜና እሑድ ግን፣ ከቀዳም ስዑር በቀር፣ በዐቢይ ጾም እንኳ እህል ሳይቀምሱ አይዋልም። ሳምንቱ ራሱ የሚጎድልበትም የሚሞላበትም ቀን አለው። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀነስኩ። አንዱ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ በአምስት ቀን 1,200 ይሆናል። ያ ለትሪውና ለአክስቴ። የማታዋን ሁለተኛ እንጀራ የተውኩት ደግሞ ለቦርጩ። 86.5 ጀምሬ ዛሬ 83.8 ነኝ። ቁርስም ምሳም እየበላሁ።

አንድ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ያን ሬዲዮ የስኳር ሕመምተኞችም ይሰማሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምክሩን አምኖ ሰኞ ጦሙን ቢውል ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ማይክ የሰጡት ሰዎች ይህን አልጠየቁትም።

የምጠጣውን ድራፍት ቢራ በተመለከተ እሺ፣ አሠልጣኙ ልክ ነው። እሱን «በሞቴ» ብሎ የቀዳልኝ የለም።