«ጅማን ከተማ ያደረጋት ጣሊያን ነው» አሉን

ሰሞኑን በጅማ መርካቶ አካባቢ ስላለው የገበያ ሰፈር፣ ስለ ሂርማታ አሮጌ ቤቶች በተነሳ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ተነስተው «ጅማን ከተማ ያደረጋት ጣሊያን ነው፤ መርካቶ አካባቢ ያለው ጭቃና ቆርቆሮ ነው፣ ምኑ ቅርስ ይባላል?» አሉ። ያጨበጨበላቸውም አልጠፋ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

እስቲ እንቁጠር። ጣሊያን ጅማ የገባው በ1929 ዓ.ም. ነው፤ በ1933 ተባሮ ወጣ። አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም! የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ነግሠዋል። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ከታች ሂርማታ። ሐሙስ ሐሙስ ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፍ ነበር። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ አሞሌ ጨው። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ አሳፋሪ ነው ብለን አንደብቀውም። ዕቃውን በአጋሰስ ጭኖ ከሰሜን የመጣው ሲራራ ነጋዴ ሸጦ ከመመለስ እዚሁ ቤት ሠርቶ ቀረ፣ ከአገሬው ተጋባ፣ ወለደ። ሰፈር የሚባለው እንዲህ ነው የሚፈጠረው፣ በማስተር ፕላን አይደለም። ጣሊያንስ «ጋላና ሲዳሞ» ለሚለው ግዛቱ ጅማን ዋና ከተማ ያደረገው ለምን ይመስላችኋል? ባዶ ጫካ መርጦ ነው? የሞቀ ገበያ አግኝቶ እኮ ነው! የሠራውም ለራሱ ነው፤ ፈረንጁን ለብቻ፣ አገሬውን ለብቻ የሚያሰፍር ፕላን ይዞ። እሺ፣ መንገዱና ጥቂት ሕንፃዎቹ ጠንካራ ናቸው። አለቀ።

«ጭቃ» የተባለውን ቤት ደግሞ ቀርባችሁ እዩት። ፊት ለፊቱ በረንዳ፣ ከበረንዳው ኋላ ሱቅ፣ ከሱቁ ኋላ መኖሪያ። በረንዳው ላይ ዝናብ ያባረረው መንገደኛ ይጠለላል፣ በርጩማ ወጥቶ ቡና ይጠጣበታል፣ ዕዳ ይሸመገልበታል። አዲሱ ባለ መስታወት ሕንፃ ሥርማ ቆም ብትሉ ጥበቃው «ወንድሜ፣ ዞር በል» ይላችኋል። የጅሬኑ ቤተ መንግሥትስ ቢሆን ከእንጨትና ከጭቃ አይደል እንዴ የተሠራው? እሱን ለእንግዳ እያስጎበኙ የሂርማታን ጭቃ መናቅ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ይፍረስ የምትሉ ሰዎች፣ ቢያንስ እያንዳንዱን ቤት ለኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ የነዋሪዎቹን ታሪክ መዝግቡ። ከዚያ በኋላ ኑና እንከራከር።