«ኮምፒውተር ነው እኮ የሠራው» ለምትሉ ሁሉ

የአኒሜሽን ፊልም ወሬ በተነሳ ቁጥር «ተወው እባክህ፣ የልጆች ነገር ነው፤ ደግሞስ ኮምፒውተር አይደል የሚሠራው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አነጋገር ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የአሜሪካው አኒሜሽን ኩባንያ የፒክሳር ፊልም «ራታቱይ»ን አይቶ በጨረሰ ሰው አፍ ሲነገር ነው፤ ስለ ምግብ ሙያ ተሠርተው ካየኋቸው ፊልሞች መካከል ለሙያው ይህን ያህል የተጨነቀ አላገኘሁምና።

ኮምፒውተር ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። ሠሪዎቹ ግን ገብተው ምግብ ማብሰል ተምረዋል፤ ስመ ጥሩው ሼፍ ቶማስ ኬለርም አማክሯቸዋል፤ በፊልሙ መጨረሻ ለምግብ ሐያሲው የሚቀርበውን፣ በስሱ ተቆርጦ የተደረደረ የአትክልት ምግብ ያዘጋጀላቸው እሱ ነው። በፊልሙ የሚታዩትን ምግቦች አስቀድመው በእውን አብስለው ፎቶ አንስተዋል፤ ለቆሻሻ ክምሩ ትዕይንት ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬ አበስብሰው መልኩ እንዴት እንደሚለወጥ ተከታትለዋል። ብርሃን በወይን ፍሬ ላይ ሲያርፍ ሁሉም ከልጣጩ ነጥሮ አይመለስም፤ ከፊሉ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ሥጋውን አብርቶ ይወጣል፤ በአኒሜሽኑ ይህ ካልተሠራ ፍሬው ፕላስቲክ ይመስላል፣ ማንም ሊበላው አይመኝም።

የፊልሙ ምግብ አብሳይ ኮሌት ዳቦውን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ስትጫነው አስታውሱ። የዳቦን ጥሩነት ሳይቀምሱ የሚያውቁት በጠረኑ ወይም በመልኩ ሳይሆን በቅርፊቱ ድምፅ እንደሆነ ለጀማሪው ሊንጉዊኒ የምታስተምርበት ቦታ ነው። ጣቶቿ ምን ያህል እንደሚጫኑ፣ ቅርፊቱ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ፣ ፊቷ በየትኛው ቅጽበት እንደሚፈካ የወሰነው ሰው ነው፤ ያውም በየምስሉ ተቀምጦ፣ እየሠራና እያፈረሰ።

ይህን የሚናገር ማረጋገጫ በፊልሙ መዝጊያ ላይ በጽሑፍ ሰፍሯል፦ መቶ በመቶ እውነተኛ አኒሜሽን መሆኑን፣ የተዋናይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ የመቅረጽ አቋራጭ አለመጠቀማቸውን ይገልጻል። ግን ማን ያነበዋል? የሠሪዎቹ ስም መውረድ ሲጀምር አብሮን የሚያየው ሰው ሪሞቱን ያነሳል፤ እሱ ባያነሳ እንኳ መተግበሪያው ራሱ ስሞቹን ወደ ጥግ አሳንሶ ሌላ ፊልም ያቀርባል። ያ ሁሉ ሰው ለዓመታት የለፋበት ሥራ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እነሱንም ነፍገን ሥራውን ለኮምፒውተር እንሰጠዋለን። እባካችሁ፣ ከእኔ ጋር ፊልም የምታዩ ሁሉ፣ ስሞቹ እስኪያልቁ ድረስ ሪሞቱን አትንኩ።