ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ፍሪጌት (የባሕር ወፍ)

ከ፦ አንድ ቀይ እግር ቡቢ (ዓሣ አጥማጅ የባሕር ወፍ)፣ ዩሮፓ ደሴት፣ ሞዛምቢክ ሰርጥ (አህጉሩ አይደለም)
ጉዳዩ፦ ትናንት ማታ በአየር ላይ ያለ ደረሰኝ የተወሰደ እራትን ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

ወደ ገዛ ቤታችን እንድንገባ አልፎ አልፎ ስለሚፈቅዱልን አስቀድሜ ከልብ አመሰግናለሁ።

በቀን የሚያስተናግዱት ባለጉዳይ ብዙ ስለሆነ ረስተውኝ ይሆናል። ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰማይ ወደ ባሕር ስወረወር ውዬ፣ የለቀምኳቸውን በራሪ ዓሦች በሆዴ ይዤ እየተመለስኩ ነበር። ጎጆዬ ያለበት ዛፍ ታየኝ። ያን ጊዜ እርስዎ ከላይ ዱብ አሉ። ሰላምታ የለ፣ "ምን ይዘሃል?" የለ። በቀጥታ ጅራቴን! ሸሸሁ፣ ደረሱብኝ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ተከተሉኝ። ጎትተው፣ አራግፈው፣ ገለበጡኝ።

ጎረቤቶቼ ከቅርንጫፋቸው ሆነው ያያሉ። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። በመንገድ ላይ የነበሩትማ ጭራሽ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። አልፈርድባቸውም፤ ቀጣዩ ተራ የነሱ ነበር።

በመጨረሻ የዋልኩበትን ሁሉ ተፋሁት። ውኃው ላይ ሳያርፍ በአየር ላይ ቀለቡት። ቅልጥፍናዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት አይቼ አላውቅም።

ቤት ስገባ ልጄ እንደ ልማዱ ጭንቅላቱን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተተ። ፈለገ፣ ፈለገ። ምንም የለም። አውጥቶ አየኝ፤ እንደገና ከተተ።

ስሚ አንቺ! ያ ዓሣ ያንቺ አልነበረም! ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። አንቺም እኮ እናት ነሽ። የምትጥይው አንድ እንቁላል ነው፤ ልጅሽን መብረር ከቻለ በኋላ እንኳ ወራት ሙሉ እያጎረስሽ ነው የምታሳድጊው። የተራበ ልጅ ጩኸት ምን እንደሚመስል ጠፍቶሽ ነው?

ይቅርታ። እርስዎ ለማለት ነው።

ደግሞ እኮ ተቸግረው ቢሆን ባልከፋኝ። አብዛኛውን ምግብዎን ከባሕሩ ገጽ ላይ ራስዎ እየለቀሙ እንደሚኖሩ አገር ያውቀዋል። የኛ እራት ለእርስዎ መክሰስ ነው። ተመራማሪዎች እዚሁ ደሴታችን ላይ ለእርስዎና ለዘመዶችዎ መከታተያ መሣሪያ አስረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡትን ሰምተናል፦ መሬት ሳይረግጡ እስከ ሁለት ወር ገደማ በአየር ላይ ይቆያሉ። ከደመናው ሥር በሚነሳው አየር ክንፍዎን ዘርግተው ይንሳፈፋሉ፤ ሲያሰኝዎ ደመናው ውስጥ ገብተው እስከ 4,000 ሜትር ይወጣሉ። እንዲህ ሰፊ ሰማይ ተሰጥቶዎት የኔ ጅራት ላይ ምን አመጣዎት? የጋላፓጎስ ደሴቶች ዘመዶችዎ ደግሞ በጉዞ ላይ በቀን በአማካይ 42 ደቂቃ ብቻ ነው የሚተኙት አሉ። እኛን ሲጠብቁ ይሆናል እንቅልፍ ያጡት።

የባሕር ወፍ ተብለውም ባሕር ላይ አያርፉም። ላባዎ ውኃ ያስገባል፤ ከረጠቡ መነሳት ይከብድዎታል። እኔ እጠልቃለሁ፣ እርስዎ ይበላሉ።

የጎጆዬን ጭራሮ ማን እንደወሰደውም አውቃለሁ። ለባለቤትዎ፣ ጉሮሮውን እንደ ቀይ ፊኛ ለሚነፋው፣ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አቤት እንዳንል ለማን? ኮሎምበስ እንኳ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1492 በመርከብ ማስታወሻው ላይ ቤተሰብዎ ሌሎች ወፎችን የበሉትን እያስተፋ እንደሚበላ ጽፏል። ፋይሉ እስካሁን "በሂደት ላይ" ነው። ቅጣት ስንጠብቅ የፓስፊክ ደሴት አገሯ ኪሪባቲ ሰንደቅ ዓላማዋ ላይ አስቀመጠችዎ። ከፀሐይዋ በላይ፣ በወርቅማ ቀለም!

ዛሬ ማታም በዚያው በኩል እመለሳለሁ፤ ልጄ ያለው እዚያ ነው። ሁሉንም መተው ካልሆነልዎት ግማሹን ይተዉልኝ። እሱም ካልሆነ ጅራቴን ትተው ክንፌን ይያዙ። ጅራቴ ገና ያመኛል።

ከሰላምታ ጋር
ቡቢ

ግልባጭ፦
ለልጄ፣ መብረር ሲጀምር እንዲያውቅዎ