የጎረሰ ይክፈል ወይስ ያጎረሰ?

ደረሰኟ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳታርፍ ሦስት እጅ ይዘረጋል። አንዱ የሌላውን አንጓ ይይዛል። "በሞቴ!" "እኔ እያለሁ?" "እናቴ ትሙት አታደርጋትም!" አንዱ ብሩን በግድ አስተናጋጇ እጅ ላይ ያስጨብጣል። ሌላው "ከሱ ከተቀበልሽ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም" ይላታል። በዚህ ግርግር መሃል ስልክ የሚደወልለት አንድ ሰው አይጠፋም። ስልኩ አልጮኸም። እሱ ግን "ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም" እያለ ወደ በረንዳ ይወጣል።

እንግዲህ በዚህ ሀገር ነው የጋራ ወጪ ማካፈያ አፕ እንሥራ ብለን የተነሳነው። ያውም በነፃ፣ ኮዱን (አፑ የተጻፈበትን የኮምፒውተር ትእዛዝ) ለማንም ከፍተን።

በሌላው ዓለም ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካኖቹ ስፕሊትዋይዝን በ2011 ጀምረውታል። ኮዳቸው ክፍት ከሆኑት ደግሞ እነ አይ ሄት መኒና ስፕሊት አሉ። ሁሉም ጎበዞች ናቸው። ግን ሁሉም አንድ እምነት አላቸው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን አለው ብለው ያስባሉ።

የኛ ምግብ አንድ ትሪ ላይ ነው የሚመጣው። ስድስት ሰው ይከበዋል። ማን ስንት እንደበላ እግዜር ነው የሚያውቀው። የጉርሻ ነገር ሲነሳማ ስብሰባችን መሸ። ያጎረሰ ይክፈል ወይስ የጎረሰ? "ያጎረሰው ከራሱ ድርሻ ነው የሰጠው፤ ይክፈል" የሚል ወገን ተነሳ። "የዋጠው ማነው ታዲያ?" አለ ሌላው። "በግድ የጎረሰስ?" አለች አንዷ፣ የአማቷን ቤት እያስታወሰች። መጨረሻ ላይ አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ስለተባለ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉርሻዎች ከሂሳብ ነፃ ይሁኑ ተብሎ ታለፈ።

ረቡዕና ዓርብ ሌላ ጣጣ ነው። አምስቱ ክትፎ ያዛሉ፤ ጾመኛው ሽሮ። አፑ ለዚህ መላ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ድርሻ መስጠት ይችላል። ሞከርነው። ጾመኛው "ምን ሆኛለሁ? እኩል አካፍሉኝ!" ብሎ ተቆጣ። ክትፎውን ደግሞ ሲያስደግም ያመሸው ሰውዬ "በቃ እኩል እናድርገው፣ በብር እንጣላ እንዴ?" አለ። እንዲህ ያለውን ደግነት በኮድ መጻፍ አይቻልም።

ከሳንቲም ጋርም ታግለናል። ሦስት ሰው 1,000 ብር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 333 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሰዋል። አንድ ሳንቲም ትተርፋለች። ኮምፒውተር ደግሞ በነጥብ ቁጥር አይታመንም፤ 0.1 እና 0.2 ደምር ስትለው ከ0.3 በጣም በትንሹ የምትበልጥ ነገር ያመጣልሃል። ስለዚህ ብሩን ሁሉ ወደ ሳንቲም ለውጠን በሙሉ ቁጥር አስቀመጥነው። ያቺ የተረፈችው ሳንቲም ግን መክፈል ያለበት ሰው ያስፈልጋታል። ሱቅ ውስጥ ሳንቲም መልስ ከተቀበልን ዘመን ሆኖናል፤ በእሷ ላይ የተከራከርነውን ግን የቤት ኪራይ ሲጨመርብን እንኳ አልተከራከርንም። "ለነዳያን ትሰጥ" ያለም ነበር።

ትልቁ ጉድ የመጣው ዕዳ ከማቀናነሱ ነው። የትምህርት ቤቱን አበበና ጫላ ልዋስ። አበበ ለጫላ 500 ብር አለበት። ጫላ ለአልማዝ 500 ብር አለበት። አፑ ጫላን ከመሃል ያወጣና "አበበ ለአልማዝ 500 ብር ይክፈል" ይላል። ሂሳቡ ልክ ነው። በዚህ ዘዴ አሥር ሰው እርስ በርሱ ቢበዳደር ቢበዛ በዘጠኝ ክፍያ ሁሉም ይጠራል።

አፑ የማያውቀው አበበና አልማዝ ድሮ አብረው እንደነበሩና አሁን በአንድ መንገድ እንኳ እንደማይሄዱ ነው። አልማዝ ቴሌብሯ ላይ ከአበበ 500 ብር ሲገባ ደነገጠች። "ምን ፈልጎ ነው?" ስክሪንሹቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለሴት ጓደኞቿ ሁሉ ደረሰ። መክረው መክረው "ደረሰኝ" ብላ እንድትጽፍለት ወሰኑ። አበበ ደግሞ ያቺን "ደረሰኝ" ሲተረጉማት አደረ፤ ብሩ ነው የደረሳት ወይስ መልእክቱ? ጫላም ተቀይሟል። "እኔ ሳልጠየቅ ዕዳዬን ለማን አስተላለፋችሁት?" ይላል። ጩቤ አልጨበጠም እንጂ።

አሁን "ተኳርፈናል" የሚል ምልክት ጨምረንበታል። ምልክቱ ያለባቸውን ሰዎች አፑ በዙሪያ አድርጎ ነው የሚያልፋቸው። አንዳንዱ ግሩፕ ውስጥ ግን የሚያልፍበት አጥቶ ይቆማል። ሽማግሌ የመላክ አማራጭ ይጨመር የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል፤ እያየነው ነው።

ዕዳ ማስታወሱም ቀላል አልሆነም። አንዳንዶቹ የውጭ አፖች "ይህን ያህል ዕዳ አለብህ" ብለው ፊት ለፊት ይልካሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ቀብር ላይ እንኳ ሰላም አይባልም። ስለዚህ የኛ አፕ ሳምንት ጠብቆ "ሰላም ነው? ምነው ጠፋህ?" ብሎ ይልካል። ባለዕዳው ወዲያው ይገባዋል። "አለሁ ባክህ፣ ሥራ በዝቶ ነው፣ እደውልልሃለሁ" ብሎ ለአፑ ይመልሳል።

ነፃ ነው ስንል ደግሞ የሚያምነን ጠፋ። አክስቴ "ሥራ አጣችሁ እንዴ ልጄ?" አለችኝ። ጋሼ ኮዱ ክፍት ነው ስለው "ታዲያ ለምን አትዘጉትም? ሌባ ቢገባስ?" አለኝ። ጂፒኤል የሚባለውን ፈቃድ፣ በ2007 የወጣውን ሦስተኛውን ቅጂ ነው የመረጥነው። ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ይቀይረዋል፤ ቀይሮ ለሌላ ሲያሰራጭ ግን እሱም ኮዱን በዚያው ፈቃድ ይሰጣል። እኛ ሀገር ያለ ፈቃድ መገልበጥ የቆየ ነው። ፈቃድ ሲሰጠው ነው ሰው የተጠራጠረው።

ኮዱን ያስተካከለልን ጥቂት ነው። ሐሳብ ያዋጣው ግን ቴሌግራም ግሩፑን ሞልቶታል። "ዕቁብ ጨምሩበት።" "እድርም ይኑረው፣ ያልቀረውና የቀረው ይለይ።" "የሰርግ መዋጮ ላይ ማን ስንት እንደሰጠ ሙሽራው ብቻ እንዲያይ።" "ሙሽራዋ ብቻ ይሁን።" ይህ የመጨረሻው ክርክር እስካሁን አለ።

የቀረን የሰርቨር፣ አፑ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ክፍያ ነበር። በዶላር ነው፤ ከዚህ ሆኖ በካርድ ዶላር መክፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጓደኛችን ከፈለልን። ለስድስት አካፍለን አፑ ላይ ልንመዘግበው ስንል "ተዉ እንጂ፣ ምን አላት? በሞቴ እንዳትመዘግቧት!" አለ። ለገና ሲመጣ ጥሬ ሥጋ ብቻ እንድንጋብዘው ነው የፈለገው። በሥጋ የሚከፈል ዕዳ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ "ልዩ ልዩ" የሚለው ውስጥ ጽፈነዋል። መጠን፦ ሁለት ኪሎ፣ ከሻኛው።