ቤተ ሙከራው ሲያብብ

ባለፈው ቅዳሜ ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት «ጋሼ፣ ከአበባው ዞር ይበሉልን» ብሎ ከተማርሁበት የሳይንስ ሕንፃ ደጅ አስነሣኝ። ልክ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጊዜው ጸደይ ነው፤ መስከረም በጠባ ቁጥር ጸደይ ገባ የሚሉት ሰዎች ጸደይ ሳይሆን፣ መጋቢት 26 የሚብተው እውነተኛው። ጃካራንዳው ቅጠሉን አራግፎ ሐምራዊ ለብሷል። ከኋላው ያለው ሕንፃ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

ደግሞስ መዘጋቱ አይሻልም? ክፍት ቢሆን ተማሪ ይተራመሳል፣ አሲድ ይሸታል፣ ፎቶ ይበላሻል።

ተራው የሙሽሮች ነበር። ፎቶ አንሺው በበሩ ላይ ያለውን የዛገ ጓጉንቸር ሲያይ ይሸፍነዋል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑ በራ። ሙሽራው በግራ፣ ሙሽሪት በቀኝ ያዙት። «ፍቅራችሁ እንደዚህ ማንም የማይከፍተው ይሁን!» ሚዜዎቹ አጨበጨቡ። ቀጥሎ ሙሽሪት ጓጉንቸሩን እንድትስመው ታዘዘች፤ ሳመችው። ዝገቱ ነጭ ጓንቷን ሲያቀላው አንዷ ሚዜ ውሃ ፍለጋ ሮጠች። ቧንቧው ያለው ውስጥ ነው፤ ተቆልፎበታል። በመጨረሻ እድፉን በረገፈ አበባ ሸፈኑትና «ተፈጥሯዊ ሆነ» ተባለ። ፎቶ አንሺው ግን አልረካም፤ አበባው እንዲዘንብ ፈልጎ አንዱን ሚዜ ከነሱፉ ዛፍ ላይ አወጣው።

ከእነሱ ቀጥሎ ወረፋ የያዘው የኬሚስትሪ ተመራቂ ነው፤ የተከራየውን ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ባዶ ቢከር ይዞ። ይህ ልጅ የፖታሲየም ፐርማንጋኔትን ቀለም የሚያውቀው መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ «ሐምራዊ» ብሎ ስለጻፈለት ነው! ጠብታ በጠብታ ሲያንጠባጥብ ቆይቶ፣ አንዲት ጠብታ ብልቃጡን በድንገት ሮዝ ስታደርገው ልቡ ዘልሎ አያውቅም። ይህንን ነጥቀነው ዲግሪ ሰጠነው። ያሳፍራል፤ እርሱን ሳይሆን እኛን።

ይቅርታ፣ ስለ አበባው ነበር የማወራው። ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ እዚህ ሥር ሰደደ፣ አበበ። ከባሕር ማዶ የመጡት ማይክሮስኮፖች ደግሞ ጨዋ ናቸው፤ ከሣጥናቸው አልወጡም።

ስመለስ ጥበቃውን በሩን ይከፍትልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ለፎቶ ነው?»

«አይ፣ ውስጡን ላየው ብዬ ነው።»

«እንደሱማ አይቻልም» አለኝ።