ማስተካከያ፦ መዓዛ መንግሥቴ ቡከርን አላሸነፈችም

ትናንት ስለ ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ስጽፍ ልብ ወለዷ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የ2020 (በፈረንጆቹ) የቡከር ሽልማት አሸነፈ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በሽልማቱ ይፋዊ መግለጫ መሠረት ልብ ወለዱ ለመጨረሻው ዙር ከደረሱት 6 መጻሕፍት አንዱ ነበር፤ ይህም ቀላል አይደለም። አሸናፊው ስኮትላንዳዊው ዳግላስ ስቱዋርት ነው።

ሌላም አለ። ሴት ቅድመ አያቷ ለጣሊያን ጦርነት የዘመቱበትን ጠመንጃ «አባታቸው ሰጧቸው» ብዬ ነበር። ደራሲዋ ራሷ እንደተናገረችው ግን አባትየው ጠመንጃውን ለልጃቸው ባል ሊሰጡ ሲሉ፣ ቅድመ አያቷ «የበኩር ልጅ እኔ ነኝ» ብለው አባታቸውን ከሰሱ፤ ተፈረደላቸው፤ ጠመንጃቸውን ይዘው ዘመቱ። የእኔ አጻጻፍ ሙግቱን አጥፍቶት ነበር።

ጽሑፉን አርሜዋለሁ። «የቡከር አሸናፊ» የሚለውን ቀድታችሁ ያጋራችሁ «የመጨረሻ ዙር እጩ» ብላችሁ አስተካክሉልኝ።